ምድርን መዝገብ ያደረጉ አባቶች

ሰው የተማረውን ሁሉ ወዲያው የሚረሳ ቢሆን ኖሮ፣ መማር ባልጠቀመውም ነበር። ስለዚህ ሕዝቦች ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ዕውቀት ከአእምሮ እንዳይጠፋ የሚያደርጉበትን ልዩ ልዩ ዘዴ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከእነዚህም አንዱ ዕውቀትን በሚያውቁት ቦታ ላይ በሐሳብ ማኖር ነው።

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ የዚህን ዘዴ አጀማመር ይተርካል። ሲሞኒደስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ ከአንድ የግብዣ አዳራሽ ወደ ውጭ እንደ ወጣ፣ ጣራው ተደርምሶ እንግዶቹን ሁሉ ገደላቸው። ዘመዶቻቸው አስከሬኑን ለይተው ማወቅ ቢያቅታቸው፣ ሲሞኒደስ እያንዳንዱ ሰው የተቀመጠበትን ቦታ በልቡ እየተመለከተ ሁሉንም በየስማቸው ለየ። ከዚያ ወዲህ የንግግር ዐዋቂዎች የሚናገሩትን ነገር በሚያውቁት ቤት ውስጥ አንዱን በደጃፍ፣ ሁለተኛውን በምሰሶ፣ ሦስተኛውን በመስኮት በሐሳብ ያኖሩ ጀመር። በሕዝብ ፊት ሲቆሙም ያን ቤት በልባቸው እየዞሩ ያኖሩትን በተራ ያነሡ ነበር።

በአገራችንም የማስታወስ ጥበብ የቆየ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ቀን በመጽሐፍ ያነባል፤ ማታ ደግሞ ያለ መጽሐፍ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ የቃል ትምህርት ያጠናል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) ሊቃውንት እንደ ሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክትም ይህንኑ ያሳያል። በንባቡ ላይ ከሚጻፉት ጥቃቅን ፊደሎች ብዙዎቹ፣ ተማሪው አስቀድሞ በዜማ ካጠናው ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ ናቸው። ፊደሎቹን ሲያይ ያ ቃል ትዝ ይለዋል፤ ከቃሉም ጋር ዜማው ይመጣለታል። እንዲህ የታወቀው ነገር ለአዲሱ ማደሪያ ይሆናል።

ወደ መንዝ ስንመለስ ግን ማደሪያው ምድሪቱ ራሷ ሆና እናገኛታለን። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው፣ በአባትም ሆነ በእናት በኩል፣ አገሩን ካቀናው አባት በመወለድ ነበር። ርስት ጠያቂውም ከራሱ ጀምሮ እስከዚያ አባት ድረስ ያለውን ትውልድ ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። አንዱን ስም የዘለለ ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችል ነበርና፣ መርሳት ለእርሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ለዚህ ቈጠራ የቦታ ስም ትልቅ ረዳት ነበረ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉ ሦስት አባቶች መንዝን ይዘው አቀኑ፤ አገሩም በስማቸው ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተባለ። መሐል ሜዳ የጌራ ምድር ከተማ ናት። እንግዲህ አንድ እረኛ ከብቱን እየነዳ ስለሚኖርበት ምድር ሲናገር፣ የአባቶቹን ስም ይጠራል ማለት ነው። ግሪኮች አዳራሽን በሐሳብ ሲሠሩ፣ የመንዝ ሰዎች የሚያርሱትን መሬት መዝገብ አደረጉት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ክርክር ቀረ። አዋጁ ብዙ ጭሰኛን ከባለመሬት ጫና አላቀቀ፤ ትውልድ መቁጠር ግን ከዚያ ወዲህ መሬት አያስገኝም። ጥቅም ያጣ ዕውቀት ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ዛሬ ብዙ ወጣት የቦታውን ስም እየጠራ፣ ስሙ ከማን እንደ መጣ ሳያውቅ ያልፋል።

ዘዴው ግን ጊዜ አላለፈበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ በማስታወስ ልዩ ችሎታ ያልነበራቸው ሰዎች ስድስት ሳምንት ይህን የቦታ ዘዴ ቢለማመዱ፣ በቃል የሚይዙት የቃላት ብዛት እጅግ ጨምሮ ተገኝቷል። ተማሪም የነገሥታትን ተራ ወይም የሒሳብን ሕግ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ላይ፣ በዛፉ፣ በድልድዩና በበሩ በሐሳብ ቢያኖር፣ በፈተና ጊዜ መንገዱን በልቡ እየሄደ ሊያገኘው ይችላል።

ሆኖም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ አንድ ተግባር ይቀረናል። ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ አያቶቻችሁን የየመንደራችሁን ስም ታሪክ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉ። እነርሱ በምድር ላይ ያኖሩትን ዕውቀት በወረቀት ላይ ማኖር የእኛ ትውልድ ፈንታ ነው።