ከዱላው በፊት ቁልፉ

ስለ ባልና ሚስት ጠብ ሲወራ የሁላችንም ዐይን የሚሄደው ወደ ቁስሉ ነው። «መታት ወይስ አልመታትም?» እንላለን። ካልመታት «ደግ ባል ነው» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ለመሆኑ እናቷ ቤት እንዳትሄድ የተከለከለች፣ የአስቤዛው ገንዘብ በሳንቲም የሚቆጠርባት፣ «የት ዋልሽ? ከማን ጋር ቆምሽ?» ስትባል የምታመሽ ሴት፣ ሰውነቷ ላይ ጠባሳ ስለሌለ ብቻ በሰላም ትኖራለች ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥሁ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ በዘመኑ ዘመናዊ የተባለ ነበር። ነገር ግን በቁጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግጋል። የጋራ መኖሪያቸውንም የሚመርጠው እሱ ነው። ቁጥር 644 ደግሞ ባል ሚስቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገርና፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ የመከታተልና አካሄዷን የመምራት ሥልጣን ይሰጠዋል። እርግጥ ነው፣ ለትዳሩ ጥቅም እስከሆነና ግፍ እስካልተፈጸመባት ድረስ የሚል ልጓም አለው። ልጓሙን የሚይዘው ግን ያው ባል ነበር።

ጥበቃን ለባል፣ መታዘዝን ለሚስት የሚያከፋፍለው አንቀጽ በ1804 እ.ኤ.አ. በወጣው የናፖሌዎን ሕግም ውስጥ ነበረ። ፈረንሳይ የሚስትን የመታዘዝ ግዴታ በ1938 እ.ኤ.አ. ሰርዛዋለች። እኛ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን በነጋሪት ጋዜጣ አተምነው። ለባህላችንም እንግዳ አልሆነበትም።

መውጫው በርም ጠባብ ነበር። ፍቺ የሚታየው በቤተ ዘመድ ዳኞች ዘንድ ነው። ሕጉ ለፍቺ ከባድ ምክንያት ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ዝሙትና ከቤት መጥፋት ሲገኙ፣ ድብደባ ግን የለም። ስለዚህ ዱላ ሸሽታ አድራሻዋን ሰውራ ሁለት ዓመት የቆየች ሴት፣ በሕጉ ፊት ጥፋተኛዋ እሷ ልትሆን ትችል ነበር!

ቁጥጥርና ዱላ ለየብቻቸው የቆሙ አይደሉም። በልጅነቴ ሰፈር ሲወጣ የሚስቱን ጫማ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ነበረ። «ይወዳታል፤ ይቀናባታል» ይባል ነበር። ኋላ ላይ ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ተገረመ። ምን ይገርማል? ከዘመድ መለየቱ ምስክር ያሳጣታል፤ ገንዘብ መከልከሉ የመሳፈሪያ ያሳጣታል፤ ጥርጣሬው ለመምታት ሰበብ ይሆናል። ትእዛዙን የጣሰች ዕለት ዱላው ይመጣል። ዱላው የቁጥጥሩ ዘበኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው የዐሥር አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ከ100 ሴቶች 71ዱ በሕይወት ዘመናቸው በባላቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ስለ ክልከላና ክትትልም ጠይቆ ነበር፤ በአብዛኞቹ ቦታዎች ሁለቱ አብረው ተገኝተዋል።

ሕጉ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በትዳር ውስጥ እኩልነትን ደነገገ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ከወተወቱ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልን አለቅነት ሻረ፤ ፍቺንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቁጥር 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠራው።

ይህም ቢሆን ቁጥር 564 የሚጠብቀው ጉዳት እስኪደርስ ነው። እንግሊዝና ዌልስ በ2015 እ.ኤ.አ. ቁጥጥሩን ራሱን እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርገውታል። የእኛ ሕግ የቀድሞውን የክትትል ሥልጣን ከባል እጅ ነጥቋል እንጂ፣ ያለ ሥልጣን ለሚከታተለው ሰው ገና ስም አላወጣለትም።

ስም ማውጣቱን ግን እስከዚያው እኛ ልንጀምረው እንችላለን። ሽማግሌ ሆነን ስንቀመጥ፣ «መታሽ ወይ?» ከማለታችን በፊት «ካሰኘሽ እናትሽ ዘንድ ደርሰሽ መምጣት ትችያለሽ ወይ?» ብለን እንጠይቅ።