የሐርጌሳ የጀሪካን አትክልትና ተባዮቹ

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ወንዟ ከዝናብ ወራት ውጭ አሸዋ ብቻ የሚሆንባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም በሶብላ ማብቀል የሚሻ ሰው የተቆረጠ ጀሪካን ቢመርጥ አያስገርምም፤ ቦታ አይፈጅም፣ ከፍየልም ለማራቅ ይመቻል። ችግሩ ጥቂቱ አፈር ቶሎ መድረቁና መጋሉ ነው፤ በጥም የተዳከመ ተክል ደግሞ ተባይን መቋቋም ይሳነዋል።

ጂላል በሚባለው ደረቅ ወቅት በተለይ የሚበረታው ቀይ ሸረሪት ነው። ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት አይቆጠርም፤ የሚታወቀውም በቅጠሉ ላይ በሚተዋቸው ፈዛዛ ነጠብጣቦችና በቀጭን ድሩ ነው። ክሽክሽ በለጋ ቀንበጥ ላይ ይሰፍራል። እንስቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ በሞቃት አየር ልጆቿ በሳምንት ገደማ ራሳቸው ወላጅ ይሆናሉ። ጉንዳኖች በግንዱ ሲመላለሱ ካዩ ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ጉንዳን ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ይመጣል፣ ከጠላትም ይጠብቀዋል። ነጭ ዝንብ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቲማቲምን የሚያቀጭጭ፣ መድኃኒት የሌለው ቫይረስ ያስተላልፋል። በቫይረሱ የተያዘውን ተክል ሳይሳሱ መንቀል ይገባል።

ነጭ ዝንብና ክንፍ ያለው ክሽክሽ ወደ ቢጫ ቀለም ይሳባሉ። ስለዚህ የቢጫ ጀሪካን ቁራጭ ዘይት ተቀብቶ በተክሉ አጠገብ ቢሰቀል ጥሩ ወጥመድ ይሆናል።

የሳሙና ውኃም ይረዳል፤ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የሚገድለው ተባዩን ሲነካ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለሆነም በምሽት፣ ከቅጠሉ ሥር ወደ ላይ ይረጫል፤ በየጥቂት ቀኑም ይደገማል። አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ ብልህነት ነው። የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ከበዛበት ሳሙናው አይሠራም፤ የዝናብ ውኃ ይሻላል።

ሌላው አማራጭ ኒም ነው። እ.አ.አ በ1959 ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪክ ሽሙተረር በሱዳን የአንበጣ መንጋ ሌላውን ሁሉ በልቶ የኒምን ዛፍ እንደተወው አስተዋለ። በ2019 እና በ2020 መንጋው ሶማሊላንድንና ኢትዮጵያን ላጠቃቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ በአንድ ሊትር ውኃ አድሮ ይጣራል፤ ፀሐይ ስለሚያበላሸው በማታ ይረጫል።

ለከብት መዥገር የተዘጋጀን መድኃኒት ለአትክልት መጠቀም ግን አደገኛ ነው። በሶብላና ድንብላል ቅጠላቸው በቀጥታ ስለሚበላ መርዙ ከገበታ ይደርሳል። ስያሜ በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒትም አይገዛ።

ከጀሪካኑ ሥር ያለው ሳህን ውኃ እንዳያቁር መደፋት አለበት። እ.አ.አ በ2012 በጅቡቲ የተገኘችው፣ በኋላም በኢትዮጵያ የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ ዕቃዎች ውስጥ ትራባለች።