ጠንካራ ነው የተባለው ላሜራ

ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝን የሚያሻግረው የአይ-35 ደብልዩ አውራ ጎዳና ድልድይ ተደረመሰ። ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነበር። በወደቀው ክፍል ላይ 111 ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድልድዩ ሳይፈተሽ የተረሳ አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ «መዋቅራዊ ጉድለት ያለበት» ተብሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን በአሜሪካ ይኸው ስያሜ የተሰጣቸው ድልድዮች ከ70,000 በላይ ነበሩ። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ማስደንገጡን ትቶ የመዝገብ ቋንቋ ሆነ።

ድልድዩ ከ1967 ጀምሮ ያገለገለ በመሆኑ ዋናው ሥጋት የብረቱ መሰንጠቅ ነበር። ፈታሾችም የሚፈልጉት ስንጥቅ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2008 ያጸደቀው ሪፖርት ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ አገኘው፤ ዋና ዋናዎቹ ብረቶች የሚጋጠሙባቸው አንዳንድ ላሜራዎች ሊኖራቸው ከሚገባው ውፍረት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበራቸው። ስሕተቱ የዲዛይን ነበር። በዓመታት ውስጥ በመንገዱ ላይ ኮንክሪት ተደረበ፤ በዕለቱ ደግሞ ለጥገና የመጣ ከ260 ቶን በላይ አሸዋ፣ ጠጠርና መሣሪያ በላዩ ተከምሮ ነበር።

የድልድይ የመሸከም አቅም ሲሰላ እነዚህ ላሜራዎች በስሌቱ አይገቡም ነበር። ከሚያያይዟቸው ብረቶች ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1999 እና በ2003 በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ መጉበጣቸው በግልጽ ይታያል። ፎቶው ፋይል ውስጥ ገባ፤ «ለምን ጎበጠ?» የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ስሌት አልደረሰም።

ሶሺዮሎጂስቷ ዳያን ቮን በ1986 ስለፈነዳችው የቻሌንጀር መንኮራኩር በጻፈችው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ልማድ አጥንታዋለች። ከደንቡ የወጣ ነገር ጉዳት ሳያደርስ በቆየ ቁጥር፣ ሰዎች መቆየቱን ራሱን የደህንነት ማስረጃ አድርገው ይወስዱታል። የጎበጠ ላሜራ ዘንድሮ ካልወደቀ ለከርሞም አይወድቅም ይባላል። በቸልተኝነት ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ትጉሕ ሠራተኞች፣ ደንብ አክባሪዎችም ይወድቁበታል።

በባንክ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በመረጃ ማዕከል ጥበቃ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ከዚህ የሚወስደው አለ። የአደጋ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው የሚጽፈው የሚፈራውን ነው። የሚያምነውን ግን አይጽፍም፤ የማይሰበረው ቁልፍ፣ የቆየው ኮንትራክተር፣ ሁልጊዜ ይሠራል የሚባለው መጠባበቂያ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራሉ። እነዚህንም ጽፎ ከእያንዳንዳቸው ጎን «ይህ ጠንካራ ነው ያለው ማን ነው? የለካውስ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም።

አዲሱ ድልድይ በ2008 ከ300 በላይ መለኪያ መሣሪያዎች ተገጥመውለት ተከፈተ። ቦርዱ ያቀረበው ምክር ግን መሣሪያ አይጠይቅም፦ የድልድይ አቅም ሲሰላ ላሜራዎቹም ይቆጠሩ።