ዓባይ ላይ የምትፈላው ፒካፕ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ መንገዱ ረጅም ነውና የቸኮለ ካለ ከወዲሁ ይሰናበት። የማወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ነው፤ ክብ መብራት ያላት፣ ኮፋኗ ረዘም ያለ፣ ባለሙያዎቹ አርባ አምስት ከሚሏቸው ወገን። ሊብሬዋ በፈረንጆቹ 1973 መሠራቷን ይናገራል። አባትየው ከጎጃም ጤፍና ማር፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ቆርቆሮ እየጫነ ሲመላለስባት ኖሮ፣ ሲያርፍ ለልጁ ቀረች፤ ልጁም ስንት ገዥ ቢመጣበት የአባቴን መኪና አልሸጥም አለ። እኔ የአባትየው ባልንጀራ ነበርኩና፣ ልጁ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲነሳ «ጋሼ፣ አብረን እንሂድ» ቢለኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ወሩ መጋቢት ነበር። የእንጦጦን ዳገት ወጥተን ሱሉልታ ስንደርስ ጉሙ ገና ከሜዳው አልተነሳም፤ ከዚያም ጫንጮን፣ ከዚያም ሙከ ጡሪን አለፍን፣ ፍቼ ላይ ቁርስ በላን፣ ገብረ ጉራቻን ተሻገርን፣ የደጋው ነፋስ ፊት ለፊት እየመታን ሞተሩም ያለ አንዳች ቅሬታ እየዘመረ ጎሃ ጽዮን ደረስን። ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ግን፣ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ አገሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። መንገዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በጠመዝማዛ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በወረዳችሁ ቁጥር ኮት ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራብ ይወልቃል፣ ከዚያም መስኮቱ ቢከፈትም የሚገባው አየር ትኩስ ነው። በፈረንጆቹ 2008 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ አሮጌውን ድልድይ በጎን እያየን፣ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ጀመርን።

ልጁ ዝም አለ። ዝምታው ስለገባኝ እኔም ዝም አልኩ። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንድ ጥምዝ፣ ሌላ ጥምዝ፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያም አንድ የጋለ ብረት ሽታ መጣ፣ ከዚያም በኮፋኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ፣ ቀስቱ ግን አሁንም መሃል ላይ ነበር። ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ታኮ አደረግሁ። ልጁ ጨርቅ ይዞ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሄድ እጁን ያዝኩት፤ የጋለ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው አይቻለሁና። ጦጣዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሆነው ያዩናል፤ ውሃ በጄሪካን የያዙ ልጆች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከበቡን። ዋጋቸውንም ልጁ እንደሚያውቅ አየሁ፤ ደንበኛቸው ኖሯል።

ልጁ ያኔ ጉዱን አወጣልኝ። በሜዳ አትፈላም፣ ዳገት ላይ ትፈላለች። አንዱ ጋራዥ ራዲያተሩ ነው ብሎ አስለወጠው፤ ሌላው ቴርሞስታቱ ነው ብሎ ነቅሎ ጣለው፤ ሦስተኛው ቴስታታውን አውርዶ ጓርኒሲዮኑን ቀየረ። ሁሉም ገንዘብ ተቀበሉ፣ እርሷም መፍላቷን ቀጠለች። የነቀሉትን ቴርሞስታት ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር አኑሮት ነበር፤ አባቱም የወለቀ ዕቃ አይጥልም ነበር፣ እግዜር ነፍሱን ይማረው።

አምሽተን ደጀን አደርን፣ በማግስቱም በለሰለሰው መንገድ በሉማሜ አድርገን ደብረ ማርቆስ ገባን። እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ቱታቸው ከሰማያዊነት ወደ ጥቁርነት የተሻገረ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ። ልጁ ኮፋኑን ሊከፍት ሲሮጥ እርሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ መጀመሪያ ሊብሬውን አምጣ» አሉት።

«አባባ፣ የሚፈላው እኮ ሞተሩ ነው፤ ወረቀቱ አይደለም።»

«ግድ የለህም፣ አምጣ።»

መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሚያነብ መካኒክ ደስ ይለኛል። አነበቡ፤ ከዚያም ጋዝ የነካ ጨርቅ ይዘው በቀኝ በኩል ከፊት ሻንሲው ላይ ያለውን ጭቃ በትዕግሥት ጠረጉ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ከሊብሬው ጋር ገጠመ። ከዚያም የሞተሩን ቁጥር ጠረጉ፤ እርሱ ግን አልገጠመም። ሊብሬው ኤፍ ይላል፣ ብረቱ ላይ የተመታው ሁለት ኤፍ ነው። ኤፍ የተባለው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱ 3,878 ሲሲ ነው፤ ሁለት ኤፍ የመጣው በፈረንጆቹ 1975 ሲሆን ስፋቱ 94 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱም 4,230 ሲሲ ነው። እናም በ1973 የተወለደች መኪና ከዚህ ሞተር ጋር ልትወለድ አትችልም። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ አባትየው ያገኘውን ገዝቶ ገጥሞ ይሆናል። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ መኪናዋ መሥራት ነበረባት፣ ቤቱም መብላት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ነው ኮፋኑ የተከፈተው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ዕቃ በጣታቸው እየነኩ፣ በችሎት እንደሚመረመር ምስክር፣ «አንተስ ከየት መጣህ?» ይላሉ። ራዲያተሩ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ከሌላ አነስተኛ መኪና የወጣ፣ በተበየደ ብረት የተንጠለጠለ ነበር። ከፊቱ አንድ የጋዜጣ ገጽ አስጠጉና ሞተሩን አስነሱት፤ ቬንትሌተሩ ወረቀቱን ከላይ በኩል ስቦ ለጠፈው፣ ታችኛው ግማሽ ግን ተርገበገበና ተላቀቀ። አየሩን ሰብስቦ ለቬንትሌተሩ የሚሰጠው የቆርቆሮ ከለላ የለም፤ ራዲያተሩም ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ግማሹ ያለ ሥራ ነው የሚኖረው። በሜዳ የመንገዱ ንፋስ ይሸፍንለታል፤ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ግን ከቬንትሌተሩ በቀር የሚያነፍስለት የለም።

የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ጨበጡት። ግሏል፣ ግን ልፍስፍስ ነው። «ይሄ ቱቦ አሁን መወጠር ነበረበት» አሉና ሞተሩን አጥፍተው፣ ሻይ አዘዙልን። ሻዩን የምታፈላውንም ልጅ «እስቲ እመቤቴ፣ ከሊጥሽ ቆንጠር አድርገሽ አምጪልኝ» አሏት፤ ሳቀች፣ አመጣች። ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ክዳኑን ከፈቱ፣ ሊጡን በአንገቱ ውስጥ የክዳኑ ጎማ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አደረጉ፣ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ። ሊጡ ላይ ምንም ምልክት የለም! ክዳኑ አዲስ ነው፣ 0.9 የሚል ቁጥርም አለበት፤ የራዲያተሩ አንገት ግን ጥልቅ ስለሆነ ጎማው ጠርዙን አይነካውም። አንዱም ዕቃ አልተበላሸም፤ እርስ በርስ አይተዋወቁም እንጂ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ከያዘ ግን ከ110 በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ክዳኑ የማይነካካው ራዲያተር እንግዲህ ክዳን እንደሌለው ድስት ነው። ሽማግሌው ያንን ከወንበር ሥር የወጣውን ቴርሞስታት ተቀብለው ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ በፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ ተከፈተ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ልጁ «አዩ አባባ፣ ለዚህ እኮ ነው የጣሉት» አለ። እርሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ አይተውት፣ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መክፈት እንደሚጀምርና ሙሉ የሚከፈተው በ95 እንደሆነ፣ ይህ ውሃ ደግሞ ቢፈላ ቢፈላ 95 እንደማይደርስ አስረዱት። ጤነኛ ዕቃ ነው በደጋ ውሃ ተፈርዶበት የተጣለው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። የሙቀቱን መጠን ለመለኪያው የሚልከው ቡልብ የሌላ መኪና ስለነበር ቀስቱ በሐሰት ይመሰክር ነበር። ሽማግሌው ከሞተሩ ኋላ ባለችው ትንሽ መስኮት አጎንብሰው በሚዞረው ብረት ላይ የተተከለችውን ጥይት የምታክል ኳስ፣ ከጫፍ 7 ዲግሪ ቀድማ የምታመለክተውን፣ ሲያዩ እሳቱ ዘግይቶ አገኙት፤ እሳት ሲዘገይ ሙቀቱ ለውሃው ይተርፋል፣ እርሱንም አስተካከሉ። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ የአየር አረፋ ስላልነበረ፣ ቴስታታው ያለ ጥፋቱ እንደተከፈተ ታወቀ። ልጁ ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ሰማዩን ከማየት በቀር ምንም አላለም።

ከዚያም አዲስ አበባ ያለ የአክስቱ ልጅ ዘንድ ተደወለ፤ ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሷን የላንድ ክሩዘር ራዲያተር፣ ባለ አራት ረድፉን፣ እንዲፈልግ፣ ክዳኑን በእጁ ይዞ እንዲሄድና ሊጡን እንዳይረሳ አዘዙት። ራዲያተሩ በአውቶቡስ አናት ላይ፣ ከፍራሽና ከዶሮ ቅርጫት መሃል ታስሮ መጣ። የተበየዱት ብረቶች ተቆረጡ፣ ራዲያተሩ በጥንቱ ቀዳዳዎች ላይ ተቀመጠ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ከለላውን አበጀ፣ ቴርሞስታቱም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ስንመለስ ሽማግሌው አብረውን ወጡ፤ ጎሃ ጽዮን ዘመድ አለኝ አሉ እንጂ ዳገቱን ሊያዩ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። ከደጀን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ ዳገቱን ጀመርን። ቀስቱ ከመሃል ትንሽ ከፍ አለ፣ ልጁ መሪውን አጥብቆ ያዘ፤ ቀስቱ እዚያው ቆመ። ጄሪካን የያዙት ልጆች እጃቸውን አወጡ፣ አለፍናቸው፤ አንዱ ጥቂት ሮጦ ተከተለንና ተስፋ ቆረጠ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆመን ሽማግሌው ቱቦውን በጨርቅ ጨበጡት፣ ተወጥሯል፤ «እንዳትከፍተው!» አሉ ለልጁ፣ ከዚያም ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በካርቶን ላይ ሞተሩ ሁለት ኤፍ፣ ራዲያተሩ ባለ አራት ረድፍ፣ ክዳኑ 0.9፣ ቴርሞስታቱ 82 እያሉ ጽፈው ከጓንት ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ የሞተሩን ቁጥር በሊብሬው ላይ እንዲያስተካክልም አሳሰቡት። ልጁ እሺ አለ፤ እስካሁን ግን አልሄደም።