ጡረታ የሌላት አህያ

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላል ያገራችን ሰው። ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ የባቡሩን ሐዲድ ተከትለው ሲሰፉ፣ ውኃና እህሉን ያመላለሰችው አህያ፣ መንገደኛውን ያደረሰው የጋሪ ፈረስ ነበር። ጉልበታቸው ሲያልቅ ግን ጡረታቸው ጎዳና፣ ቀባሪያቸው ጅብ ሆነ።

በ2009 ዓ.ም. ጅቡ መልኩን ለውጦ መጣ። ኤጂያዎ ለተባለው የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ቆዳ የሚያቀርብ የአህያ ቄራ ቢሾፍቱ ላይ ሥራ ጀመረ። የአህያ ሥጋ ነውር የሆነበት ነዋሪ ተቆጣ፤ ቄራው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አህዮች ለቆዳቸው እንዳይታረዱ ወሰነ።

ቢላዋውን ማስጣል ግን የውለታው ግማሽ ነው። ባለቤቱ ያረጀችውን አህያ ሜዳ ላይ መጣሉን ትቶ ድርቆሽና ውኃ እስካልሰጣት ድረስ፣ ተረቱ እውነት እንደሆነ ይኖራል።