ቲልድ የነበረባቸው አድራሻዎች

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ሱቅ ሲታ ገበያ አጠገብ ሳይት እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ደብዳቤ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይቺን ክፈትልኝ» አሉኝ። ራስጌው ላይ ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ የሚል አድራሻ ታትሟል፤ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ ቲልድ (~)፣ ከዚያ የአንድ ድርጅት አጭር ስም። «አባባ፣ ይሄ ከሞተ ቆየ» አልኳቸው። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ድረ ገጾች ብዙዎቹ እንዲሁ ነው የጠፉት።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የራሱ ዶሜይን ያለው ጥቂት ነበር። ቴሌ በራሱ ማሽን ላይ ለደንበኛው ፎልደር ይሰጠው ነበር፤ ቲልዷ ደግሞ ለሰርቨሩ «ቀጥሎ ያለው የተጠቃሚ ስም ነው፣ የእሱን ፎልደር ክፈት» ትለው ነበር። ልማዱ የዩኒክስ ነው። ሮብ ማኩል በ1993 አሜሪካ ኤንሲኤስኤ በሚባል የኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ የጀመረው ሰርቨር «ዩዘርዲር» በምትባል የማዘዣ መስመር ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ በ1995 የመጣው አፓቼ የተባለው ሰርቨርም ወረሰው።

የራስን ስም መያዝ ያኔ ቀላል አልነበረም። ብራውዘሩ ገጽ ሲጠይቅ የሚልከው መንገዱን ብቻ ነበር፤ በማን ስም እንደመጣ አይናገርም ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም የተለየ አይፒ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። በጥር 1997 የወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ስሙንም መላክ ግዴታ አደረገ። ከዚያ ወዲያ አንድ ማሽን በአንድ አይፒ መቶ ሳይት ቢይዝ፣ እያንዳንዱን ወደየፎልደሩ መምራት ተቻለ።

እኛን ሐጅ ዩሱፍ ላይ ያኖረን ይኸው ነው። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች ከካርቱም ሆኖ ለሆስቲንግ በካርድ መክፈል የማይታሰብ ነበር። ውጭ ያለ ዘመድ አንድ ሰርቨር ይከራይ ነበር፤ እኛ የሐበሻ ማኅበሩንም፣ የልብስ ሰፊውንም፣ የሠርግ ፎቶ አንሺውንም እዚያው እንጠቀጥቅ ነበር። መብራት ሲመጣ ነበር የምሠራው፤ አብዛኛውም ሥራ የአፓቼ «አሊያስ» የሚባለው መስመር ላይ ነበር። በግራ አድራሻውን፣ በቀኝ ፎልደሩን ትጽፋለህ። በግራ «/ፎቶ/» ብለህ በቀኝ «/ዳታ/ፎቶ» ላይ የመጨረሻዋን እዝባር ከረሳህ ሰርቨሩ የፎልደሩንና የፋይሉን ስም አጣብቆ «ፎቶሠርግ» የሚባል ነገር ሲፈልግ 404 («አልተገኘም») ይመልስልሃል። እዝባር የምታህል ነገር እንዲህ ታለፋለች!

ራልፍ ኤንገልሻል በ1996 የጻፈው ሞድ-ሪራይት የተባለው የአፓቼ ሞጁል ደግሞ ከዚህ ይልቃል። አድራሻው እንደ ፎልደሩ መሆኑ ቀርቶ፣ ደንብ ጽፈህ ያሻህን ቦታ ትመራዋለህ። አያያዙ ግን መከራ ነው፤ ዛሬም ሳልቀዳ አልጽፈውም። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ በ1998 ጥሩ አድራሻ እንዳይለወጥ አጥብቆ መክሮ ነበር። ምክሩ የሚሠራው ግን አድራሻው የራስህ ሲሆን ነው። ቲልዷ የአከራይህን ማሽን ስም አስቀድማ ስለምትጽፍ፣ እሱ ስም ሲቀይር ያንተ አብሮ ይሄዳል። የወረቀት ራስጌ ላይ ማተሙም አልጠቀመም።

ሚያዝያ 2023 ጦርነት ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ሰዉ የያዘውን ይዞ ወጣ። የማኅበሩን ሳይት በኋላ ጎንደር ሆኜ ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወርኩት፤ ፎልደሩን ቀዳሁ፣ ዶሜይኑን ወደ አዲሱ አይፒ አዞርኩ፣ አሊያሶቹን አስተካከልኩ። የድሮዎቹ ሊንኮች ይከፈታሉ።