ሪጉሌተር

ሪጉሌተር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር አናት ላይ የሚገጠመው ነው። እሱ ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ግፊት ቀንሶ ወደ ምድጃው ያሳልፋል። መመለሻ መስመር ባለው የቤንዚን መኪና ላይ ግን፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ ቦታው ግልባጭ ነው፦ የሚቀመጠው ከኢንጀክተሮቹ በኋላ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሞላውን ገፍቶ ይከፈትና ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንከሩ ይመልሳል።

ጣጣው ፓምፕ ሲቀየር ይመጣል። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ለአነስተኛ ሞተር ሲገጠም፣ ሚኒሞ ላይ የሚቃጠለው ጥቂት ስለሆነ ቀሪው ሁሉ በፋብሪካው ሪጉሌተር ጠባብ መውጫ ይጋፋል። ግፊቱ ይወጣል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭስ ይከተላል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ኢንጀክተሩን ይከሳል!

መፍትሔው ሰፊ መውጫ ያለው፣ የሚስተካከል ሪጉሌተር ነው። ልኩ የሚወሰደው ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ፣ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ወደ ሪጉሌተሩ የሚመጣው የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎና ጫፉ ተደፍኖ ነው፤ በብዙ መኪኖች 3 ባር አካባቢ ይሆናል። ቱቦው ሲመለስ የጌጁ ቀስት ዝቅ ይላል። ብልሽት አይደለም። ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ ደግሞ ግፊቱ ወደ 4 ይወጣል፤ በኢንጀክተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ያው 3 እንደሆነ ይቆያል።

የሪጉሌተሩን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ ጉልበት መፈለግ ግን ብዙ አያዋጣም፦ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ኢንጀክተሩ የሚረጨው ነዳጅ የሚጨምረው 41 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።